አውራ ጣት ያለበት መጽሐፍ

የጻፍኩትን መጽሐፍ የማላውቀው ሰው ሲያነበው ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት አብደራፊ ነው። ጊዜው ጥቅምት 2012 ዓ.ም.። መጽሐፉ ያለው ደግሞ መስታወቱ የሸረሪት ድር በመሰለ የእጅ ስልክ ውስጥ ነበር። በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አውራ ጣት ከነጥፍሩ ተጋድሟል። መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሣው ሌባ (ያኔ ሌባ ነበር ያልኩት) ወረቀቱ እንዳይታጠፍ ደግፎ የያዘበት ጣት መሆኑ ነው።

አብደራፊን ለማታውቁት፦ ከጎንደር በሳንጃና በአብርሃ ጅራ አድርጎ ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው መንገድ የሚያደርሳችሁ፣ በምዕራብ አርማጭሆ ያለች የሰሊጥ ከተማ ናት። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ ወርዳችሁ ቅመሱት። ሰሊጥ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ደርሶ ቀን ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ በአጨዳ ሰሞን ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ከተማዋን ያጥለቀልቃታል። ቀን ያጭዳል፣ ማታ ሜዳ ላይ ይተኛል። በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትወጣው ማታ ነው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስይዘው እሷ ናት። ቆላውን ያልለመደውን የደጋ ልጅ የወባ ታማሚ አስመስላ ጀምራ፣ ጣፊያውን አሳብጣ፣ ሥጋውን ጨርሳ ትገድለዋለች፤ ካልታከመ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ሕክምናውን የሰጡት እዚያችው አብደራፊ ውስጥ ነው። የታወቀው ሕክምና 17 ቀን ይፈጃል፤ በየቀኑ መርፌ ነው።

እኔ ወደዚያ የወረድኩት ሰሊጥ የሚያለማ ዘመዴን ልጠይቅ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ታሞበት ሊያየው ሲሄድ ተከተልኩት። ልጁ ዐሥራ ሁለተኛ መርፌውን ተወግቶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የላይ ጋይንት ልጅ ነው፤ ዐሥረኛ ክፍል ደርሶ አቋርጧል። ዐይኑን ከስልኩ ላይ አያነሣም።

«ወንድሜ፣ ምን እያየህ ነው?» አልኩት።

«እያነበብኩ ነው ጋሼ» አለና አሳየኝ።

የኔው ጉድ! የሌላ ሰው ጣት የተጋደመበት የኔው ጽሑፍ! ደሜ ፈላ። ማንነቴን ሳልነግረው፣ እንደ መርማሪ ፖሊስ ኮስተር ብዬ «ይኼን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ከቴሌግራም። «ሰው ለፍቶ የጻፈውን እንዲህ በነጻ ከማውረድ ገዝተህ ብታነብስ?»

«የት?» አለኝ።

በዚች አንዲት ቃል አፌ ተያዘ። የት? እውነትም የት? «ጎንደር አለ» አልኩት፤ ቀስ ብዬ።

«ጎንደር መናኸሪያውን ነው የማውቅ፤ እሱንም በሌሊት። ብሩማ ነበረኝ። የአጨዳ ሰሞን ብር አይጠፋም። መጽሐፉ ነው የሌለ።»

በመጨረሻ ጸሐፊው እኔ ነኝ ብዬ ተናዘዝኩ። ይደነግጣል፣ ያፍራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሞኝ ነኛ! ልጁ ፊቱ በራ። «እንግዲያው ይንገሩኝ» አለ፤ «ከ83 ገጽ ዘሎ 85 ነው። 84 ላይ ምን ነበር የሚለው?»

ይኸውላችሁ፣ አላስታወስኩትም። የገዛ ራሴን መጽሐፍ! ልጁ እስከ 83 ያለውን ታሪክ ነገር እየለቀመ ያስታውሰኝ ጀመር፤ ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። አዲስ አበባ እንደገባሁ ገጿን ፎቶ አንሥቼ እንደምልክለት ቃል ገብቼ ስልኩን ተቀበልኩት።

እናላችሁ፣ በተመለስኩ በሳምንቱ አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተጠራሁ። እንደ ልማዱ ዲስኩር አለ። መጀመሪያ የተነሡት ሰው «ይህ ሕዝብ አያነብም» ብለው አለቀሱ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ የተነሣው ደግሞ «ይህ ሕዝብ በፒዲኤፍ እያነበበ ገደለን» ብሎ አለቀሰ። ለሱም ተጨበጨበ። ሁለቱንም ያጨበጨበው ያው አዳራሽ ነው። ኧረ በፈጠራችሁ፣ የማያነብ ሕዝብ እንዴት አድርጎ በማንበብ ይገድላል? አንዱን ምረጡ እንጂ!

እኔ ከሁለቱ አንዱንም አልመርጥም። ሕዝቡ ያነባል። መሸጫውን ከፍተን ያልጠበቅነው እኛ ነን። አዲስ አበባ ይታተማል፤ አከፋፋዩ ለገሃር፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና አራት ኪሎ ያድላል፤ የተረፈው ቢበዛ እስከ ክልል ከተማ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ካርታ ላይ ብቻ ነው ያለው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት እሰየው ካሉት አንዱ ነኝ፤ ሕንጻው ያኮራል። ግን አብርሆት ወደ አብደራፊ አይወርድም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይህ ገብቷቸው ነበር መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭነው በሐዋሳ አካባቢ ሕጻናት ያሉበት ድረስ የወሰዱት። ዛሬ አህያው ስልክ ሆነ። ልዩነቱ አቶ ዮሐንስ አህያዋን የጫኑት ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ እኛ ግን ሌላ ሰው በጣቱ ይዞ ሲጭንልን ቆመን እንሳደባለን።

ደግሞ ማን ነው ተሳዳቢው? በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እስቲ በእውነት ይመስክር። በልጅነታችን መጽሐፍ እየገዛን ነው ያነበብነው? በየሠፈሩ ሱቅ በሣንቲም እየተከራየን አይደል? አከራዩ አንድ ቅጂ ገዝቶ፣ በካኪ ሸፍኖ፣ በመቶ ለሚቆጠር ሰው ያከራየዋል። ከኪራዩ ለደራሲው አምስት ሣንቲም አይደርሰውም። መጨረሻው ገጽ ተገንጥሎ ፍጻሜውን ከጓደኛ አፍ የሰማነው ስንት ነው! በአሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ መጽሐፉ ከገበያ ሲታገድ፣ ያመለጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተደበቁ ነው የተነበቡት። ያንን ዛሬ በኩራት እናወራዋለን። «ተደብቄ በአንድ ሌሊት ጨረስኩት» የሚል ጎልማሳ ሁሉ፣ የጋይንቱ ልጅ ስልክ ላይ ሲደርስ የሕግ ጠበቃ ይሆናል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ንም እንይ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ አገሩ ያወቀው በማንበብ ብቻ ነው እንዴ? ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር ለበዛብህና ለሰብለ ያለቀሰው። ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያም ወደ ዩቲዩብ እየተሻገረ በነጻ ሲደመጥ ኖረ። መጽሐፉ ሞተ? እስካሁን እየታተመ ይሸጣል። የሰማው ሰው ነው ለልጁ የሚገዛው። በዕውቀቱ ስዩምም ወጎቹን ፌስቡክ ላይ በነጻ ይለጥፋል። መጽሐፍ ሲያወጣ ግን የሚሰለፈው ያው በነጻ ሲያነበው የከረመው ሰው ነው። ነጻ ንባብ ሁሉ ገበያ ይገድላል የሚለውን ነገር እኔ አልቀበለውም።

ራቅ ብለን እንሂድ ካላችሁም፣ የጥንቶቹ ብራናዎች ላይ የተለመደ ግዝት አለ። የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። የገለበጠው አይወገዝም! እንዲያውም መጽሐፍ የሚኖረው በመገልበጥ ነበር። አንዱ ደብር ከሌላው ተውሶ፣ ጸሐፊ ቀጥሮ፣ ቀለም በጥብጦ ይገለብጣል፤ ባለቤቱ መጽሐፌ በረከተ ይላል እንጂ ተሰረቅሁ አይልም። ያኔ ደራሲው የቤት ኪራይ አይከፍልም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ከዚያ በፊት ግን የሚያስቀኝን ነገር ልንገራችሁ። ምዕራብ ጎንደር ስንል ቋራም እዚያው ነው፤ የመይሳው ካሳ አገር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቹት የብራና መጽሐፍ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተዘረፈ። 350 የሚያህለው ለንደን ገባ፤ ዛሬ ያለው በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ታዲያ ይህ ላይብረሪ ብዙዎቹን ብራናዎች አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቶ (በእሱ ፎቶ ላይ አውራ ጣት የለም) በነጻ ኢንተርኔት ላይ አወጣቸው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶበት ለረጅም ጊዜ እስኪዘጋ ድረስ፣ የቋራ እረኛ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ቢወጣ የንጉሡን መጽሐፍ በስልኩ ማየት ይችል ነበር። ይመለስልን የምንለው ጥያቄ እንዳለ ሆኖ፣ የተዘረፈ ብራናችንን ለንደን ለቋራ ልጅ ስታሳየው፣ ያልተዘረፈውን የዘንድሮ መጽሐፋችንን እኛ ለአብደራፊ ልጅ መሸጥ አቃተን። መስጠት አላልኩም፤ መሸጥ!

አሁን ወደ ኪራዩ ልምጣ። ደራሲ ይራባል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ሳለም ከሞተ 50 ዓመት ድረስም ይጠብቃል፤ ትክክል ነው። እኔም የድካሜን ማግኘት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ስለ ጋይንቱ ልጅ የተናገርኩትን ሰምታችሁ ከቦሌ ካፌ ሆናችሁ የምታጨበጭቡ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ለእናንተ አልተናገርኩም። መጽሐፍ መሸጫው ከበራችሁ አምስት ደቂቃ ነው። የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ለማኪያቶና ለኬክ በሳምንት ሁለቴ ትከፍላላችሁ። መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ቀን «ፒዲኤፉ ያለው?» ብላችሁ የምትለጥፉት እናንተ ናችሁ። «የት?» ማለት የምትችሉበት አፍ የላችሁም። ከእናንተ የሚብሰው ደግሞ ቻናል ከፍቶ፣ የደራሲውን ስም ያለበትን ገጽ ቆርጦ፣ በየገጹ የራሱን ማኅተም አትሞ፣ መሐል ላይ የውርርድ ማስታወቂያ የሚሰነቅረው ነው። እሱ መጽሐፍ አላካፈለም፤ የሰው ላብ ነው የቸረቸረው። ጥንት ቢሆን የፋቀው ከሚለው ግዝት አያመልጥም ነበር። የገጠር ልጆች ስልካቸው ላይ ጽፈው የሚለጥፉትን ግጥም ስም እየፋቀ በራሱ ገጽ የሚያወጣውም ይኸው ሰው ነው። ይህ ነገር ከእኔ መጽሐፍ መሰረቅ ይልቅ ያንገበግበኛል። እኔ ስሜ ጀርባው ላይ የታተመ ወረቀት አለኝ። አብደራፊ ወይም ቋራ ሆኖ የሚጽፍ ልጅ ግን ረቂቁን ተሸክሞ አዲስ አበባ ሳይመጣ ሰው ፊት የሚደርስበት በር ከተከፈተለት ገና ቅርቡ ነው። በዚያችው በር ሲገባ ስሙን ይገፉታል።

እንግዲህ «ሶፍት ኮፒ ከሸጥን በነጋታው ይባዛል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አሁንስ መቼ ቀረ? ወረቀት ብቻ የሸጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ አውራ ጣት የተጋደመበት? ወረቀት ከሌባ አያስጥልም፤ የሚያስጥለው ከገዢ ነው። «አገራችን ውስጥ በስልክ የሚከፈልበት መንገድ የለም» የሚለው ሰበብም ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ አርጅቷል። ዛሬ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ በስልክ ትቀበላለች። ደራሲ፣ የወረቀት ዋጋ ጣሪያ ነካ ብሎ የሚያለቅስ ደራሲ፣ ወረቀት የማይፈልገውን መጽሐፉን በግማሽ ዋጋ ለስልክ ለመሸጥ ይጸየፋል! አንዳንዶች ጀምረዋል፤ ትረካም፣ ጽሑፍም በመተግበሪያ የሚሸጡ አሉ። እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኞቻችን ስሙን አንቱ ብለን የምንጠራው «ሽታው፣ ገጹን ሲገልጡት ድምፁ» የሚል ቅኔ እንደረድራለን። የወረቀት ሽታ እኔም እወዳለሁ። ለሃያ ዓመት ልጅ ካላዛር ይዞት ሜዳ ላይ ለተኛ ግን ሽታው ምን ይሠራለታል?

ባለመብት የሌላቸውንስ? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያረፉት በ1911 ዓ.ም. ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931። የሕጉ 50 ዓመት ካለፈ ቆይቷል። የእነሱን ሥራ በንጹሕ ተይቦ፣ አርሞ፣ ለማንም ስልክ በነጻ መልቀቅ ማንንም አይበድልም፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። «አንባቢ ጠፋ» እያለ በየዓመቱ አዳራሽ የሚከራይ ማኅበርና መሥሪያ ቤት ሁሉ በአዳራሹ ኪራይ ብቻ ስንቱን ያስተይብ ነበር!

የጋይንቱ ልጅ ነገር አላለቀም። በ2012 ቃሌን ጠብቄ ገጽ 84ን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። አንብቦ «አሃ፣ ለካ እናትየዋ ታውቅ ነበር!» ብሎ ጻፈልኝ። (አዎ፣ ታውቅ ነበር። እኔም ያኔ ነው ያስታወስኩት።) ደቂቃ ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። የሃምሳ ብር ሒሳብ ተልኮልዎታል ይላል። ተሳስቶ መስሎኝ ደወልኩ።

«የመጽሐፉ ነው» አለኝ። «ካርድ ሞልቼ ነው የላክሁልዎ። ሌላ መላክያ አላገኘሁም።»

ቴሌብር ሳይመጣ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እኔ መሸጫ ሳልከፍት፣ ሌባ ብዬ የተቆጣሁት ልጅ በገዛ ራሱ መንገድ አበጅቶ ከፈለኝ። ከዚያ መጽሐፍ ከአከፋፋዬ የቀረኝን ሒሳብ እስካሁን አልተቀበልኩም። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ከልጁ ጋር እንደዚያው ስንጻጻፍ ከረምን። ያነበበውን ይነግረኛል፤ አዳም ረታ «ከበደኝ ግን አልለቅም» ያሰኘው አንድ ሰሞን ነበር። በየዓመቱ ለአጨዳ ይወርዳል፤ «ጥላ ሥር ነኝ» ሲለኝ አብደራፊ እንደገባ አውቃለሁ። በ2015 ክረምት ሁለተኛ መጽሐፌን ጨረስኩ። ማተሚያ ቤት ከመስጠቴ በፊት ሶፍት ኮፒውን ለሱ ልልክ አሰብኩ፤ ዋጋውን ቀድሞ የከፈለ አንባቢ እሱ ብቻ ነዋ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። እኔ የላክሁት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። በቴሌግራም መልእክቱ ሲነበብ ሁለት ምልክት ይታያል። የኔው አንድ ምልክት ብቻ ነበር። ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘግቶ ቆይቶ በኋላ ሲመለስ ከባሕር ዳርም ከጎንደርም ወዳጆቼ መልስ ይልኩልኝ ጀመር። ስደውልለት ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ይለኛል።

ትናንት ማታ እንደገና ከፍቼ አየሁት። አንድ ምልክት ነው።